የገመዱ ሌላኛው ጫፍ

ይርጋለም ወረታ አጠገብ ባለው በቁሐር ሚካኤል መንደር ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ነገር ቶሎ አይገባትም፤ ለመናገርም ጊዜ ይፈጅባታል። እናትና አባቷ ካረፉ ወዲህ የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ከበእውቀቱ ጋር ነው። አንድ ክረምት ሜዳው በጎርፍ ሲዋጥ ጥጃ ልትመልስ ወጥታ ጠፋች። መንደሩ ሁሉ ሲፈልጋት ውሎ፣ ውሃው ወገቧ ድረስ ደርሶ፣ የግራር ግንድ አቅፋ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በእውቀቱ ወደ ማሳው ሲሄድ በሩን ከውጭ ይዘጋባት ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

ጎረቤታቸው እትዬ ደብረወርቅ ይህን ማየት ከበዳቸው። ከጥቂት ሴቶች ጋር ሆነው፣ ደብሩ በፈቀደላቸው መሬት ላይ የጋራ እርሻ ጀምረው ነበር፤ በበጋ ሽንኩርትና ጎመን፣ በክረምት ሩዝ። እንደ ይርጋለም ያሉ ቤት የዋሉ ሰዎች አብረዋቸው እንዲሠሩ፣ ምርቱንም እኩል እንዲካፈሉ ፈለጉ።

“ብትጠፋብኝስ?” አላቸው በእውቀቱ።

“እኔ እወስዳታለሁ፣ እኔው እመልሳታለሁ። አንተ በሩን ብቻ ክፈት።”

ከፈተ። ይርጋለም በመጀመሪያው ሰሞን አረሙንም ሽንኩርቱንም አንድ ላይ ነቀለችው። እትዬ ደብረወርቅ ሳይቆጡ መልሰው ተከሉና የሩዝ ጭድና እበት እየደባለቁ ማዳበሪያ ወደሚያብላሉበት ጉድጓድ ወሰዷት። ይህን ሥራ ወደደችው።

ሐምሌ ላይ የሩዝ ችግኝ ተከላ ደረሰ። ረድፉ እንዳይጣመም በጭቃው ላይ ገመድ ይወጠራል። አንዱን ጫፍ ይርጋለም ያዘች፤ ሌላውን ሰውመሆን። ሰውመሆንም እንደሷው ነገር የሚዘገይበት፣ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ጎልማሳ ነው። ተካዮቹ አንድ ረድፍ ሲጨርሱ ሁለቱ እየተያዩ እኩል ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ቀስ በቀስ ምሳም አብረው መብላት ጀመሩ።

አንድ ቀን ሰውመሆን ጭቃው አዳልጦት በፊቱ ተደፋ። ወደ ወረታ ገበያ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ሳቁበት። ገመዱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በማግስቱም አልመጣም። ሌላ ሰው ጫፉን ሊይዝ ቢመጣ ይርጋለም እምቢ አለች። ከዚያ ገመዱን ጠቅልላ፣ ሰው ሳያያት ወጣች።

እትዬ ደብረወርቅ ዘወር ሲሉ የለችም። ለበእውቀቱ ሲነግሩት እርፉን ለቀቀ፤ በሬዎቹን ለጎረቤት ትቶ ሮጠ። በየቦዩና በየጉድባው እየተጣራ ፈለጋት። በመጨረሻ አንድ እረኛ፣ “ገመድ የያዘች ሴት ወደ እነ ሰውመሆን ቤት ስትሄድ አይቻለሁ” አለው።

ሲደርስ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

“እኔም ወድቄያለሁ” ትለዋለች፤ ጭቃ የደረቀበትን ቀሚሷን እያሳየች። “ያላንተ ገመዱ ይረግባል።”

ሰውመሆን መሬት መሬት ያያል። የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ አኖረችለት፤ ቆይቶ ጨበጠው።

ሊቆጣ የመጣው በእውቀቱ ደጃፉ ጋ ቆመ። የሰውመሆን እናት አመተ ሥላሴ በርጩማ አቀረቡለት። “ተቀመጥ ልጄ፤ ከትናንት ወዲህ እህል ሲቀምስ ገና አሁን ነው፤ እሷ ናት ያበላችው” አሉት።

ወደ እርሻው ሲመለሱ ይርጋለም ፊት ሄደች። ጎርፍ የያዘውን ቦይ ከሩቅ አይታ በደረቁ በኩል ዞረች፤ ሰውመሆንም በእውቀቱም ተከተሏት። ያን ዕለት ማታ በእውቀቱ፣ “ከነገ ጀምሮ ብቻሽን ሂጂ” አላት።

“ብቻዬን አይደለም፤ ከሰውመሆን ጋር” አለችው።

ሩዙ ኅዳር ላይ ታጭዶ ተወቃ። ይርጋለም ድርሻዋን ራሷ ተሸክማ ገባች፤ በእውቀቱ ሊቀበላት እጁን ቢዘረጋ አልሰጠችውም። ሽንኩርቱን ዛሬም አልፎ አልፎ ከአረሙ ጋር ትነቅለዋለች፤ እትዬ ደብረወርቅም መልሰው ይተክላሉ።

አሁን በእውቀቱ ሥራ ሲቀለው ወደ እነይርጋለም የጋራ እርሻ ብቅ ይላል። በቀደም የሽንኩርት ችግኝ ልትከል ብሎ ሱሪውን ሲሰበስብ እህቱ አስቆመችው።

“አንተ እበት ተሸከም” አለችው፣ ወደ ማዳበሪያው ጉድጓድ እያሳየች። እሱም ቅርጫቱን አነሣ።