የእንግሊዝኛው የኔታ

ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ የልጄ የቤዛ ስልክ ሳሎን ውስጥ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ። ረጋ ያለች የሴት ድምፅ ናት፤ ለሕፃን እንደሚያጎርሱ ቃሉን እየቆረሰች ታወራለች። ቤዛ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። ሰኞ ተማሪው ፊት ቆማ በእንግሊዝኛ ልትናገር ስለሆነ ሰሞኑን እህል ባፏ አልዞረም። ስልኩ የሚተርከው ታሪክ በራሷ ስለማትተማመን፣ ሰው ፊት መናገር ስለምትፈራ አንዲት ኮረዳ ነው። ቢላዬን አስቀምጬ ቆምኩ። ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። ያኔ ስሟ ሌላ ነበር፤ የተዋወቅነውም እዚህ ሞጣ ሳይሆን ብቸና፣ በስልክ ሳይሆን በፕላዝማ ነው።

ፕላዝማን የዛሬ ልጆች አያውቁትም። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር፤ ቁልፉ ከመምህሩ ኪስ አይለይም። ደወል ሲደወል ይከፈታል፤ ከሩቅ ሆና የምታስተምር አንዲት ሴት ብቅ ትልና እንግሊዝኛዋን እንደ ጎርፍ ትለቅብናለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስላት «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች። እኛም አፋችንን ከፍተን በነፃ እንመሰገናለን። ደግነቱ ብቸና መብራት ይጠፋ ነበር። ሲጠፋ ክፍሉ በሙሉ «እሰይ!» ይላል።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ከገጠር መጥቼ ነው። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት የተላከልንን ድርቆሽ እያራስን እንበላ ነበር። ደብተሬ፣ ነጠላዬ፣ ፀጉሬ ሳይቀር በርበሬና ጭስ ይሸታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መምህር በእንግሊዝኛ ራሴን እንዳስተዋውቅ አስነሡኝ። ቆምኩ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። መምህሩ ደግመው ስሜን ሲጠሩኝ ጊዜ፣ እናቴ ለትልቅ ሰው እንዳስተማረችኝ፣ «አቤት!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይታይሽ መባሌ ቀረና ስሜ «አቤት» ሆነ። መንገድ ላይ አቤት፣ ቦኖ ውኃ ስቀዳ አቤት። እናቴ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ትል ነበርና እኔም አፌን ዘጋሁ።

ዘግቼም አልቻልኩትም። አንድ የገበያ ቀን ለአንድ የመንደራችን ሽማግሌ፣ «ለአባቴ ይንገሩልኝ፤ በሚመጣው ገበያ አህያ ይዞ ይምጣና ዕቃዬን ይውሰድ፤ ትምህርቱን ትቻለሁ» ብዬ ላክሁ። ትምህርት የተወች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት አጥቼው አይደለም። ለጋብቻ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሽማግሌ ልከው፣ አባቴ «ትማር» ብሎ መልሷቸው ነበር። እንግዲያ ላግባና ልረፍ አልኩ፤ ቢያንስ እዚያ ማንም አይስቅብኝም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን መምህር አያሌው ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ በኩል ቅኔ ተምረው፣ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የዞሩ ሰው ናቸው። ተማሪው ከኋላቸው «የኔታ» ይላቸዋል፤ ይሰማሉ፣ አይቆጡም። የግራጫ ኮታቸው ኪስ በጠመኔ ነጥቷል። ተማሪ ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ልጁ ቢንተባተብም ጣታቸው አይቆምም፤ የሚቸኩሉበት ጉዳይ ያለም አይመስልም።

አባቴ በሚመጣበት ሳምንት የፕላዝማዋ ሴት አንድ ታሪክ አመጣች። የኔታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ሹክ ይሉናል። አንዲት የእኛ እኩያ ትምህርቷን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ግን ይስቁብኛል ብላ እጇን አታወጣም። አንድ ቀን ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት እንድትናገር ታዘዘች። መድረክ ላይ ወጣች። ሰዉን አየች። አፏን ከፈተች።

መብራት ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ «እሰይ» ሳይሆን «ኧረ!» አለ። እኔም ብያለሁ መሰለኝ።

«እንግዲህ ልጅቱ አፏን እንደ ከፈተች ልትቀር አይደል» አሉ የኔታ ሳጥኑን እየቆለፉ። «ተነሡ። ነጠላ ያላችሁ ተከናነቡ። በየዛፉ ሥር ተቀምጣችሁ መጨረሻዋን ቁጠሩና ኑ። በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ፤ ሁለት ቃልም ትሁን።»

መቁጠር የቅኔ ቤት ወግ ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ተከናንቦ፣ ለብቻው እያጉተመተመ ቅኔውን ያዘጋጃል። እኛም በግቢው ባሕር ዛፎች ሥር ተበታትነን፣ ተከናንበን ማጉተምተም ያዝን። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮ ብቅ አሉና ደነገጡ።

«መምህር፣ ልጆቹ ምን ሆኑ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«እየተማሩ ነው።»

«ምን?»

«እንግሊዝኛ» አሉ የኔታ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ።

ክፍል ስንገባ የኔታ ሕጉን ነገሩን። «ሰው ሲያቀርብ አይሳቅም። ሲጨርስ፣ ያማረም ይሁን ያላማረ፣ ይበል ይባላል። ይህን ያላለ ወደ ውጭ።» አንዱ ተነሥቶ ልጅቱን ፓይለት አደረጋት። ይበል! ሌላው ዋንጫ አሸለማት። ይበል! አንዷ ደግሞ የሳቁባትን ሁሉ በእባብ አስነደፈቻቸው። እርሷም ይበል ተባለላት። እኔ አጎንብሼ፣ ተራው ረስቶኝ እንዲያልፍ እየተሳልኩ ነበር።

«ይታይሽ» አሉ የኔታ። በስሜ ጠሩኝ። አቤት የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቆምኩ። ዓይናቸው እንደ ተጨፈነ ነው፤ ጣታቸው መታ መታ ይላል። ብዙ ጊዜ ሄደ። አልተቆጡም፣ ተቀመጪም አላሉኝም። ያን ጊዜ ከዛፉ ሥር የቆጠርኳትን አወጣኋት።

«ሺ ዲድ ኖት ስፒክ። ሺ ሳት ዳውን። ኔክስት ደይ፣ ሺ ኬም አጌይን።»

አልተናገረችም፤ ተቀመጠች፤ በማግስቱ ግን ተመልሳ መጣች። የነበረኝ እንግሊዝኛ ይኸው ነው። የኔታ ጣታቸውን አቆሙ፤ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይበል!»

ክፍሉ፣ ያን ስም ያወጣልኝ ልጅ ሳይቀር፣ «ይበል!» ብሎ ጮኸ። ደስታዬን የት ላድርገው! እንባዬ መጣ፤ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

በገበያው ቀን አባቴ ባዶ አህያ እየነዳ መጣ። ዕቃዬ አለመታሰሩን አይቶ፣ «አንቺው አይደለሽ ትቻለሁና ና ውሰደኝ ያልሽ?» አለኝ።

«መተዉን ነው የተውኩት አባዬ።»

እኔንና አህያውን እያፈራረቀ አየን። «ትመጣለች ብዬ ስንቅ እንኳ አልያዝኩም እኮ» አለ። ከዚያ ጋቢውን አወለቀና ትከሻዬ ላይ ጣለው። «እስከሚመጣው ገበያ እንደ ምንም ተበዳድረሽ ብይ፤ ብርዱን በዚህ ቻይው።» አህያው እንደ መጣ ባዶውን ተመለሰ። አባቴ በሸሚዙ ብቻ ከኋላው ሲሄድ እስኪጠፋኝ ድረስ አየሁት።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ አቀላጠፍኩ ብል ውሸት ነው። ስሳሳት ነው የኖርኩት፤ እየተሳሳትኩም ደግሜ እቆም ነበር። ሥራ ይዤ ሞጣ ከገባሁ በኋላ አንድ የፋሲካ ሰሞን ብቸና ሄጄ የኔታን ጠየቅኋቸው። ጡረታ ወጥተው፣ ያንኑ ግራጫ ኮት ለብሰው በራፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «የኔታ፣ የፕላዝማው ታሪክ ያለበት የመምህሩ መጽሐፍ እርስዎ እጅ ነበር እኮ» አልኳቸው። «ያቺ ልጅ የእውነት መጨረሻዋ ምን ነበር?» አሰብ አደረጉ። «አንብቤው ነበር ልጄ፤ አሁን ግን ጠፋኝ። የቀረኝ ያንቺው ነው» አሉ። ባለፈው ክረምት ማረፋቸውን ሰማሁ። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነውና እስካሁን ያንገበግበኛል።

የቤዛ ስልክ አሁንም ያወራል። ልጅቱ መድረክ ላይ ስትወጣ ሰማሁ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁና ስልኩን አጠፋሁት።

«ኧረ እማዬ! ታሪኩ ሊያልቅ ሲል!»

«ነጠላሽን ተከናነቢና ሂጂ ጓሮ ጌሾው ሥር ተቀመጪ። መጨረሻዋን አንቺ ቆጥረሽ ነይ።»

እናቴ አበደች ብላ አየችኝ። ቢሆንም ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ነጠላው ፊቷን እስከ አፍንጫዋ ሸፍኖታል፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሽንኩርቴን ጨርሼ፣ ወጡም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጣቴም ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ጀመረ።