የአቦ ማኅበር ድርሻ የደረሳቸው አይጦች

መካኒሳ አቦ ሰፈር ስለ ስኳር በሽታ ማወቅ የፈለገ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ጎረቤቴን ጋሽ ወጋየሁን ይጠይቅ ነበር። ነገሩ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ጋሽ ወጋየሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለ አንድ የምርምር ቤት የነጫጭ አይጦች ተንከባካቢ ሆኖ በኮንትራት በተቀጠረ በሳምንቱ፣ የሥራ ጋዋኑን ለብሶ ሥጋ ቤት መሄድ ጀመረ።

"ጮማውን ተወው፤ ስኳር አለው" ይለዋል ሥጋ ሻጩን።

ጮማ ውስጥ ስኳር የለም ብሎ የተከራከረው አልነበረም። ጋዋን ከለበሰ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

የምርምሩ ባለቤት ዶክተር ሂርጳ ነው፤ ወጣት፣ ከውጭ ተምሮ የመጣ፣ ስሙን ለማስጠራት የቸኮለ። የሚመረምረው አዲስ የስኳር መድኃኒት ነው። አይጦቹ በሙሉ ስኳር እንዲይዛቸው ተደርጎ፣ ግማሾቹ መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ ባዶ ውኃ ይጠጣሉ። ወር በገባ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ደማቸው ይቀዳል፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ምንም ሳይቀምሱ ማደር አለባቸው።

"ጥናቱ ካማረ፣ ጋሽ ወጋየሁ፣ ቋሚ እንዲሆኑ ራሴ እጽፍልዎታለሁ" ብሎታል ዶክተሩ።

ሚስቱ ወይዘሮ ትሩፋት ይህቺን ቃል ከሰማች ወዲህ ሰላም አልሰጠችንም። ሶፋ የሚገዛው ወጋየሁ ቋሚ ሲሆን፣ ጣሪያው የሚጠገነው ቋሚ ሲሆን። "የኮንትራት ባል ይዤ እስከ መቼ እዘልቃለሁ?" ትላለች።

ችግሩ፣ ከስድስት በፊት ያለው ቀን አምስት ነው። አምስት ደግሞ አቦ ነው።

ማኅበራችን በየወሩ በአምስት ይጠጣል። ወጉ የታወቀ ነው፤ በሕመም ለቀረ ሰው ድርሻው ይወሰድለታል። ጋሽ ወጋየሁም ድፎውን በጠላ አርሶ፣ በፌስታል ቋጥሮ ሲነሳ "ለማን ነው?" እንለዋለን።

"የተኙ በሽተኞች አሉ።"

እኛ የትሩፋት ዘመዶች መስለውን "እግዜር ይማርልን" እንላለን።

በሽተኞቹ አይጦቹ ናቸው። እንደ ወጋየሁ እምነት ውኃ የሚጠጡት ይጹሙ፣ ምን ይሆናሉ። መድኃኒት የሚወስድ ግን ከጾም ነጻ ነው፤ ንስሐ አባቱም ብለውታል። መድኃኒት ደግሞ በባዶ ሆድ አንጀት ይልጣል። ጠላው የመድኃኒቱን ምሬት እንዲያጠፋላቸው ነው። ጻድቁ አቦም ቢሆኑ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ ናቸው፤ አይጥ አይንቁም። ስለዚህ በስድስት ማለዳ፣ ዶክተሩ ሳይደርስ፣ መድኃኒት ለሚወስዱት ብቻ ድርሻቸውን ያቀምሳቸዋል።

ከወራት በኋላ ዶክተር ሂርጳ ፊቱ በርቶ ጠራው።

"ትልቅ ነገር አገኘሁ፣ ጋሽ ወጋየሁ። መድኃኒቱ ስኳራቸውን ከማውረድ ይልቅ ይጨምራል። ደግሞ ያንገዳግዳቸዋል። ይቺን ይዩአት፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትሄደው። ነርቭ ነው። ናይሮቢ ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ።"

ለናይሮቢ የሚሆን ሙሉ ሱፍ ጎፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተለክቷል።

"የእኔስ ቋሚነት?"

"አለቀ በሉት። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ነገ አንጎላቸውን ከፍቼ ማየት።"

ጋሽ ወጋየሁ ክው አለ። አንጎሉ ሲከፈት ጠላው ኩልል ብሎ ሲወርድ ታየው። ኋላ ለእኛ "ለአይጦቹ አዝኜ ነው የተናገርኩት" ብሎናል፤ እንመነው እንግዲህ።

"ዶክተር፣ አንጎላቸውን ይተዉት። ምንም የለበትም።"

"እንዴት አወቁ?"

"ማኅበርተኞች ናቸው።"

ሁሉንም ዘረዘረለት። ዶክተሩ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"ጠላውን ማነው የጠመቀው?" አለ።

"የማኅበርተኛችን የኢሉ ሚስት። ለጌሾ አትሳሳም።"

"ነርቩ አሁን ገባኝ" አለ ዶክተር ሂርጳ።

ናይሮቢ ቀረ። ሱፉ ለአንድ ዘመድ ሠርግ ዋለ። ወጋየሁን ማባረር ግን አልተቻለም፤ ሰው ሲባረር ምክንያቱ ይጻፋል። "አይጥ አሰክሯል" ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ፣ ስካርን ከነርቭ በሽታ ያልለየው ማነው መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ከምርምር ክፍሉ እጅግ ወደ ራቀው ቦታ፣ ወደ ውጭው በር፣ ጥበቃ ሆኖ ተዛወረ። የጥበቃ መደብ ደግሞ ቋሚ ነው። ትሩፋት ሶፋዋን ገዛች፤ ሰፈሩም እየተጠራ ተቀመጠበት።

ዶክተሩ ከዚያ ወዲያ አይጥ ማየት ጠላ። መድኃኒቱን በብልቃጥ ውስጥ በሚያድጉ ሴሎች ላይ ይሞክር ጀመር፤ ሴል በዓል አያከብርም ብሎ። እንዳይደገምም ማንም ሰው የሚበላ ነገር ይዞ እንዳይገባ ትእዛዝ አውጥቶ በሩ ላይ ለጠፈ።

ከዚያ በኋላ በዋለው የመጀመሪያው አቦ ዕለት ዶክተሩ ራሱ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ደረሰ። ጋሽ ወጋየሁ ተነስቶ እጅ ነሳና መንገዱን ዘጋ።

"ምግብ አይገባም፣ ዶክተር።"

"ምሳዬ እኮ ነው።"

"ትእዛዙ የእርስዎ ነው። ለሴሎቹ ስል ነው እኔም።"

ዶክተሩ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ በሩ ላይ ቆሞ ይበላ ጀመር። ጋሽ ወጋየሁ ወንበሩን ለቀቀለት፤ ከፌስታሉም ቁራሽ ድፎ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበለት።

"ይቅመሱ፤ አቦ ነው።"

"በጠላ የራሰ ነው?"

"ደረቅ ነው። እርስዎ መድኃኒት አይወስዱም።"