አክስቴ ያልጠየቀችው ቪዛ

የአክስቴ የዶርካስ አገር ዛሬ ያለው ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ። የደቡብ ማሉኩ ሪፐብሊክ ታውጆ ብዙም ሳይቆይ የኢንዶኔዥያ ጦር ደሴቶቻችንን ያዘ፤ ወላጆቻችንም በመርከብ ተጭነው ሆላንድ ገቡ። ለጥቂት ወር ነው ተብለው ነበር። ይኸው እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ።

አክስቴ ግን ስደተኛ ነኝ ብላ አታውቅም። ሟቹ ባሏ አጎቴ ዮፒ የሪፐብሊኩ መልእክተኛ ነበር። ሄግ ከተማ ውስጥ በየኤምባሲው ደጅ አብራው ቆማለች። እሱ "አገር ብላችሁ እወቁን" የሚል ደብዳቤ ያስገባል፤ እሷ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ትጠብቀዋለች። አምባሳደሮቹ ሻይ አጠጥተው ይሸኟቸዋል።

"ሻይ ያጠጣን መንግሥት ብዛቱ!" እያለች ትስቃለች። ያላንኳኩት አንድ በር ብቻ ነው፤ የኢንዶኔዥያን።

አምና በብርዱ ወራት ከትውልድ ደሴቷ ከሳፓሩዋ ስልክ ተደወለ። ታናሽ እህቷ ባትሴባ አልጋ ይዛለች፤ "ዶርካስን ሳላይ አልሞትም" ትላለች። ለመሄድ ደግሞ የኢንዶኔዥያ ቪዛ ያስፈልጋል።

"ጠይቂያ!" አልኳት። "እህትሽ እኮ ናት።"

"ገዛ ቤቴ ለመግባት የማንን ፈቃድ ነው የምጠይቀው? የዮፒ አጥንት ይወጋኛል!"

"እንግዲያው ሳታዪያት ትሞታለች!" ብዬ ጮኽኩባት። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

ነገሩ ኤምባሲው ድረስ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ የኛ ሰፈር ወሬ እግር አለው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን አንድ ጎልማሳ በሩን አንኳኳ። "ሱለይማን እባላለሁ፣ ከኢንዶኔዥያ ኤምባሲ ነኝ" ሲል አክስቴ በሩን ልትዘጋበት ምንም አልቀራት።

"ዛሬ ግን የመጣሁት ከዋይሉሩ ነው" አላት ፈጠን ብሎ።

እጇ በሩ ላይ ቀረ። ዋይሉሩ የእስላም መንደር ነው፤ የእኛ የክርስቲያን። ሁለቱ ግን ፔላ ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ደማቸውን ቀላቅለው ጠጥተው ተማምለዋል። ፔላህ የጠየቀህን እምቢ አትልም። መሐላው ሪፐብሊካችን ሳይታሰብ፣ ኢንዶኔዥያ የሚባል ስምም ሳይሰማ የተማለ ነው። ደሴቶቹ በሃይማኖት ሲፋጁ እንኳ ከሁለቱ መንደሮች አንዱ በሌላው ላይ እጁን አላነሣም።

"ኡሲ" አላት፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። "እናቴ ከባትሴባ ጓሮ ፍሬ እየለቀመች ነው ያሳደገችኝ። እለምንሻለሁ፣ ሄደሽ እያት። ቪዛውን እኔው አመጣልሻለሁ።"

አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አሰርከኝ እኮ" አለችው። "እንግዲህ የኔንም ስማ። ያን ባንዲራ አውርደህ እጠፍልኝ። እኔ በሌለሁበት ብቻውን አይሰቀልም።"

የሰውየው ፊት ተለወጠ። የመንግሥት ሠራተኛ ያን ባንዲራ በእጁ ይዞ ቢታይ እንጀራው አበቃ።

"ኡሲ፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?"

"እምቢ በላ!"

ጫማውን አወለቀ። ወንበር ላይ ወጥቶ ባንዲራውን ቀስ ብሎ አወረደና ጠርዙን ከጠርዙ እየገጠመ አጠፈው። አጎቴ ዮፒ በየኤምባሲው ደጅ "እወቁን" እያለ ዕድሜውን የጨረሰበት ነገር ዓይኔ እያየ እዚች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሆነ።

እሱ ባንዲራውን በሁለት እጁ ሰጣት። ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችውና ወደኔ ዞረች።

"ሰፈር ወጥተህ ቪዛ ጠየቀች እንዳትል" አለችኝ። "ተለምኜ ነው የምሄደው።"