የመዘውሩ ይግባኝ

በከተማችን፣ ሚግዳል ገበያ አጠገብ ባለ መጋዘን ጥበቃ ስሠራ፣ ቀኑን የማሳልፈው ካሜራዎቹ የቀረጹትን ቪዲዮ ወደ ኋላ እየመለስኩ በማየት ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ቁልፉን እጫናለሁ፤ የምፈልገው ሰው ሽው ብሎ ያልፈኛል፤ እንደገና እመልሳለሁ። ማሽኑ እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ይጮኻል። ጩኸቱ ራሴን ስላዞረኝ ዘጋሁት።

ግቫት ጺዮን ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ለወራት ስፈታና ስገጥም ቆይቼ አንድ በጣት የሚዞር መዘውር ሠራሁ። ሲያዞሩት ቪዲዮውን ይነዳል፤ ሥዕሉ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ግን ጣት ሥር ጠንከር ይላል። ዓይን ቢደክም እንኳ ጣት ያውቃል።

ፈጠራው የእኔ ተብሎ እንዲመዘገብ ያስገባሁት የፓተንት ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። መርማሪው ሁለት የቆዩ ፈጠራዎችን ጠቅሷል፤ አንዱ መዘውር ያለው፣ ሌላው እንቅስቃሴ ሲያይ የሚጮኽ። ሁለቱን ማጋጠም «ሙቫን ሜኤላቭ» ነው ይላል፤ የሙያው ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚደርስበት ነው ማለቱ ነው። ደብዳቤውን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ምህንድስና የተማረችው ልጄ አግኝታ አነበበችው።

«ማ ፒትኦም! እንዴት ተደርጎ! ይግባኝ እንላለን፣ አባ።»

«እነሱ የተማሩ ናቸው፣ ልጄ።»

«እኔንስ ለምን አስተማርከኝ?»

ጽሑፉን እሷ በዕብራይስጥ አዘጋጀች። ኢየሩሳሌም ሄደን ይግባኙን ከምትሰማው ሴትዮ ፊት ቀረብን። ሴትዮዋ ልጄን ሰምታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

በአማርኛ ተናገርኩ፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። «ሁለቱም ነገሮች ለዓመታት ነበሩ። የማውቃቸው ጠባቂዎች ሁሉ ጩኸቱን ይዘጉታል። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ምልክቱን ከጆሮ አንስቶ ጣት ላይ የሚያደርግ ሰው እስከ ዛሬ እንዴት ጠፋ?»

ያመጣነውን መዘውር ራሷ አዞረችው። አንድ ቦታ ሲደርስ እጇ ገታ አለ፤ ወደ ሥዕሉ አየችና እንደገና ሞከረችው። ውሳኔውን በጽሑፍ እንደምትልክልን ነገረችን።

ከሳምንታት በኋላ ልጄ አውቶቡስ ጣቢያ ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ። «አንተ አንብበው» አለችኝ። ዕብራይስጤ ደካማ ነው፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቃል በቃል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። የመርማሪው ውሳኔ ተሽሯል፤ የቆዩት ሰነዶች ተጣምረውም ወደዚህ መዘውር አይመሩም። ማመልከቻው ለቀሪው ምርመራ ይመለሳል።

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዳምጡን ኖሮ፣ «የት ይሸጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ገና ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «ግን ይመጣል።»