ላስቲክና ጥብጣብ

ልብስ ሰፊዋ የምጣኔ ሀብት ፈተና የወደቀችው ሥራዋን አሳምራ ስለምታውቅ ነው። እንዴት ሆኖ? ነገሩ ደስ ስለሚል ከሥሩ እንጀምረው።

አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሁለት የስፌት መኪና በግድ በምትይዝ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሰፍታለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የባሕር ማዶ ነጋዴ ሦስት መቶ የወጥ ቤት ሽርጥ ሊያዛት ፈልጎ ስድስት ገጽ ውል ላከላት። ሽርጡ ለእሷ ምንም አልነበረም። ውሉ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ቢበላሽ ጉዳቱ የማን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አንብባ ሊገባት አልቻለም። «ያልገባኝን አልፈርምም» ብላ መለሰችው። ትእዛዙ ለሌላ ሰው ሄደ። እሷ ደግሞ በሳምንቱ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የዓለም አቀፍ ንግድና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ሆና ተመዘገበች።

በመጀመሪያው ቀን ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ ክፍል ገባች። በዕድሜ ልጆቿ የሚሆኑት ተማሪዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «እትዬ ሜትር» ይሏታል።

ጣጣውን ያመጣው አንድ ቃል ነው። ዋጋው ሲጨምር ገዢው በብዛት የሚሸሸው ዕቃ ፍላጎቱ «ተለጣጭ» ይባላል። ቢወደድም ሰው መግዛቱን የማይተወው ዕቃ ደግሞ ፍላጎቱ የማይለጠጥ ነው። ፈተናው «የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት ፍላጎቱ ተለጣጭ ነው ወይ?» ሲል «እጅግ ተለጣጭ!» ብላ ጻፈች። ለልብስ ሰፊ ጥሩ ላስቲክ ማለት ወገብ ይዞ የማይለቅ ነዋ! ሕመምተኛም መድኃኒቱን አይለቅም። አምስት ጥያቄዎች በዚሁ ቃል ላይ ተንጠልጥለው ስለነበር አንዱ ሲተረተር ሁሉም ተተረተሩ።

የማካካሻ ፈተና የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቃል፣ መምህሩ ፊት። ያንን ከወደቀች ከትምህርት ክፍሉ ትሰናበታለች።

«እማዬ፣ ብትተዪውስ?» አለቻት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ፣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች። «ጮክ ብለሽ ስታጠኚ እኔ የራሴን ማንበብ አቃተኝ። ግድግዳው እንኳ ሊመረቅ ደርሷል።»

«እንግዲያው ግድግዳው ይጠይቀኛ። እኔ ያጣመምኩትን ስፌት ፈትቼ ካልሰፋሁ እጄ አያርፍም።»

ስፌት የሚፈታው ደግሞ ከተበላሸበት ቦታ ተጀምሮ ነው። መጽሐፉን ዘግታ ደንበኞቿን አሰበች። የተማሪዎች የደንብ ልብስ ላይ ዋጋ ስትጨምር አንዲት እናት እንኳ አልቀረችባትም፤ ትምህርት ቤቱ ያለዚያ ልብስ አያስገባም። የክት ቀሚስ ላይ ስትጨምር ግን ግማሾቹ ተሰፍቶ የተዘጋጀ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። ታዲያ የትኛው ነው ላስቲኩ?

አንድ ጠዋት የደንበኛ ጉርድ ቀሚስ ወገብ ውስጥ ላስቲክ ልታስገባ ስትል ጫፉ መቀሱ ላይ ተጠመጠመ፤ መቀሱ ከጠረጴዛው ወደቀ፣ ላስቲኩም ከእጇ እየተለጠጠ ተከትሎት ወረደ። ሰፊዋ ቆማ አየችው።

«መያዙ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «መሸሹ ነው!»

«ማን ሸሸ?» ልጇ ከወንበሯ ተነሣች።

«ገዢው!»

«ሳይከፍል?»

በፈተናው ቀን መምህሩ ጠባብ ቢሮው ውስጥ ከመጻሕፍት ክምር ጀርባ ተቀምጦ ጠበቃት። በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠዋለች። ከቦርሳዋ ላስቲክ፣ ጥብጣብና መቀስ አወጣች።

«እትዬ፣ ሊፈተኑ ነው የመጡት ወይስ ሊለኩኝ?»

«ሁለቱም ልክ መፈለግ ነው፣ መምህር። እስቲ እነዚህን ይያዙልኝ።»

ላስቲኩም ጥብጣቡም እኩል ሃያ ሳንቲሜትር ናቸው። መቀሱን ላስቲኩ ላይ አንጠለጠለችው፤ ወረደ። ጥብጣቡ ላይ አንጠለጠለችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«መቀሱ የዋጋ ጭማሪ ነው፤ ለሁለቱም ክብደቱ ያው ነው። ላስቲኩ የክት ቀሚስ ነው፣ ገዢው ይሸሻል። ጥብጣቡ መድኃኒት ነው። ባለፈው የገለበጥኩት ይህንን ነው።» መቀሱን ወደ ላስቲኩ መልሳ ሜትሯን ዘረጋች። «በዓይን ግን አይፈረድም። ሃያው ሠላሳ ሆኗል፤ ሽሽቱ ከነበረው ላይ ሃምሳ በመቶ ማለት ነው። የዋጋውንም ጭማሪ በመቶኛ አውጥተን፣ ሃምሳውን ለእሱ እናካፍላለን።»

መምህሩ ቀልዱን ትቶ ወንበሩን አቀረበ። «ቤንዚንስ? ዛሬ ቢወደድ?»

ሰፊዋ በመስኮቱ የሚታዩትን የቆሙ መኪኖች አየች።

«ዛሬ ጥብጣብ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ የለም። እንደተወደደ ዓመት ከቆየ ግን ሰው ትንሽ መኪና ይገዛል፣ ሥራው አጠገብ ቤት ይከራያል። ሲንጠለጠል የከረመ ነገር ይላላል፣ መምህር።»

«ይሄ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ገና አላስተማርኩትም!»

«እኔም ገና አላነበብኩትም።»

«ልክ ነዎት» አለና የውጤቱን ቅጽ ሞልቶ ፈረመ። «አልፈዋል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ አልፈረመችም። ቅጹን ከራስጌው ጀምራ እስከ ታች፣ ከግርጌ ያሉትን ደቃቅ ፊደላት ሳይቀር አነበበች። መምህሩ ላስቲኩን ከነመቀሱ በአንድ እጁ እንዳንጠለጠለ ጠበቃት።

«ያልገባዎት አለ?»

«የለም» ብላ ፈረመች።

«ይሄን ላስቲክ ለክፍሉ ባሳይበትስ? ይተዉልኝ።»

«መቀሱን ይያዙት፣ ቅዳሜ እወስደዋለሁ። ላስቲኩ ግን የሰው ቀሚስ እጅጌ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ደንበኛዬን ለአሥር ሰዓት ቀጥሬያታለሁ።»