ስንዱና የመርካቶ ሌባ

የአገሬ ሰዎች፣ መርካቶ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሙ።

ከደብረ ማርቆስ የተነሳን ጎህ ሳይቀድ ነው። ባለቤቴ የሺ የታመሙ እናቷን ልታስታምም ቀረች፤ እኔ የሰባት ዓመት ልጃችንን ስንዱን ይዤ ተሳፈርኩ። መንገደኛው ሁሉ «መርካቶ ዓይንህን ከጨፈንክ ቅንድብህን ይወስዱታል» እያለ ሲያስፈራራኝ ዋለ። እኔም ገና ከአውቶቡስ ስንወርድ ልጄን ሻንጣው ላይ አስቀመጥኳትና «ስንዱዬ፣ ዓይንሽን ከዚህ ዕቃ እንዳትነቅዪ! ከተሰረቅን አለቀልን» አልኳት።

መርካቶ ውስጥ፣ ብረትና ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ካሉበት ምን አለሽ ተራ አንዲት ክፍል ተከራየን። የከሰል ምድጃ ስቀጠቅጥ እውላለሁ፤ ጎረቤቱም ይቀጠቅጣል። እኛ አገር ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ ነው፤ እዚህ ሰው ነው።

በወሩ ስንዱ ከሳች። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይቆርጣታል፣ በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች፣ ከልጆች ጋር መጫወት እርም አለች። ፌጦ በሎሚ አጠጣኋት። ቡዳ ነው ብዬ ጸበል ወሰድኳት። ወይ ፍንክች! የሺ ደግሞ በስልክ «እስከ ፋሲካ ካልተሻላት መልሳት፤ እምቢ ካልክ አንተዋወቅም!» ብላ ዛተች። ልጄን መልሼ ብቻዬን ምን ልሆን?

ደስ ያላቸው አከራያችን እትዬ ሶፊያ ብቻ ናቸው።

«ልጅህ እንቅልፍ የላትም አይደል? እኔማ ዘበኛዬን አሰናበትኩት።»

«እትዬ፣ ሕፃን እኮ ናት!»

«ትሁን! እሱ ያንኮራፋ ነበር።»

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ተመረመረች፤ ትል የለ፣ ምን የለ። ሲስተሯ አስረዳችኝ፦ «ጋሼ፣ ስንፈራ ሰውነታችን ሆርሞን ይረጫል። ልብ ይመታል፣ ሆድ ይጨማደዳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አደጋው ሲያልፍ ይረጋጋል። ልጅ ግን አደጋው አላለፈም ብላ ከቆየች ሰውነቷ አያርፍም፤ ጭንቀቱ ይብስባታል፣ ድብርትም ሊከተል ይችላል።»

«ታዲያ የሚረጨው ነገር መዝጊያው የት ነው?» አልኳት።

«ቧንቧ አይደለም እኮ ጋሼ!» አለችና ወደ ልጄ ዞረች። «ስንዱዬ፣ ምንድን ነው የምትፈሪው?»

«ሌባ። አባዬ ዕቃውን ጠብቂ ብሎኛል። እስካሁን በቃ አላለኝም።»

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ሻንጣው ውስጥ ያለው እኮ አሮጌ ካፖርትና ሁለት ጋቢ ነው። እዚያው ተንበርክኬ «በቃ ልጄ፣ ከእንግዲህ ጠባቂው እኔ ነኝ» አልኳት። ሲስተሯ «አንድ ቀን አይበቃም፤ በየቀኑ ንገራት፣ አብረሃትም ተጫወት» አለችኝ። በየቀኑ ነገርኳት። ሰኞ ማክሰኞም ዘለልኩ፣ ሰፈሩ እየሳቀብኝ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን በቀትር፣ ያ ሁሉ መዶሻ እየጮኸ፣ ስንዱን እንቅልፍ ጣላት። እኔ በእትዬ ሶፊያ ስልክ የሺ ጋ ደወልኩ።

«ቀስቅሳትና ድምፅዋን ልስማው» አለችኝ።

«ሞቼ ነው የምቀሰቅሳት!»

ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም ናፈቀችኝ።

«አንተስ ትተኛለህ?»

«እንዴታ! እንደ ድንጋይ» ብዬ ዋሸኋት።

«እኔም» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ሰው ድምፅ ነበር።