ንብረት ክፍል የምታድረው ፍላሽ

ይሄ የሆነው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሰቆጣ ትምህርት ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው፤ ፍላሽ ገና እንደ ብርቅ በሚታይበት ጊዜ። ዛሬም ኮምፒውተር አልነሳ ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ እናደዳለሁ፣ ቀጥሎ አፍራለሁ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ክፍል ያለው ኮምፒውተር ሞተ። ሰማያዊ ነገር ያሳይና ይጠፋል። ውስጡ ሰሃላ የምትባል ሩቅ ወረዳ የሠላሳ አንድ ተማሪዎች የፈተና ምዝገባ ዝርዝር አለ። ዝርዝሩን የሚወስደው መኪና አርብ አራት ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፤ ስሙ ያልሄደለት ዘንድሮ አይፈተንም። ወረቀቱስ? ከተተየበ በኋላ ወደ ሰሃላ ተመልሷል። ቅጂ ማስቀረት የሚባል ነገር ለማንም አልታሰበውም። ነገሩን ሊከታተል ከዚያው የመጣው መምህር ደግሞ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው።

ቀላል ነው አልኩ። ዊንዶውሱን እንደገና መጫን ነው፤ ዝርዝሩ ዲ በሚባለው ሌላው የዲስኩ ክፍል ላይ ስለሆነ አይነካም። ሲዲ ማንበቢያው በአቧራ ከታፈነ ቆይቷል፣ ስለዚህ በፍላሽ ማስነሳት አለብኝ። ሳጥኑን ፈትቼ ሃርድ ዲስኩን ላውጣ ብል ብሎኖቹ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የመንግሥት ንብረት አይፈታም። ቢሞትም አይፈታም።

የራሴ ፍላሽ ትንሽ ስለነበረች አትበቃም። የመሥሪያ ቤቱን ፍላሽ ለማውጣት ቅጽ ሞላሁ፣ ሦስት ሰው ፈረመ። ጣት የማታክል ዕቃ ናት፣ ጀርባዋ ላይ የንብረት ቁጥር በቀለም ተጽፎባታል። ማታ ማታ ንብረት ክፍል ነው የምታድረው።

ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚከፈት፣ ገበያው አጠገብ ያለ የኮምፒውተር ቤት ሄጄ የዊንዶውስ ማስነሻውን ጫንኩባት። ስመለስ የኃላፊው ክፍል ተቆልፏል፤ ከሰዓት ሁልጊዜ ስብሰባ ነው። ቁልፉም አብሮት ይሰበሰባል። ፍላሿን መለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አውጥቼ ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ምንም የሚያስነሳ ዲስክ አላገኘሁም አለኝ። ባዮስ፣ ማለትም የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ገብቼ ፍላሽን ከሁሉም አስቀደምኩ። አልሰራም። ከፊት ነቅዬ ከኋላ ሰካሁ፤ ያው ነው። ከሰዓት እንደገና ጫንኩ፣ ማታ መለስኩ፤ ረቡዕ ጠዋት ያው። ሐሙስም ያው።

ያልሰደብኩት የለም። ማሽኑን፣ መብራቱን፣ ያልተጠረገውን አቧራ። የኮምፒውተር ቤቱን ባለቤት ያንተ ማሽን ቫይረስ የበላው ነው አልኩት። እሱም ዝም አላለኝም፤ “ኢንጂነሯ፣ እኔ ጋ ሁሉም ይነሳል፣ እናንተ ጋ ስትደርስ ነው የምትሞተው” አለኝ። ዲግሪ ለሌለው ሰው ምን እመልሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

መምህሩ በየቀኑ በር ላይ ካለው አግዳሚ አይነሳም። ሐሙስ ጠዋት ግን፣ “እህቴ፣ እኔ ባዶ እጄን መመለሱ አይከብደኝም። ልጆቹን ምን ብዬ ልንገራቸው?” አለኝ። 

ያን ቀን ጭነቱን ቀደም ብዬ ጨርሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍላሿን መለስኩ። ደጅ ከወጣሁ በኋላ እስክሪብቶዬን ረስቼ ተመለስኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አያ ሲሳይ ፍላሿን የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ አድርገው፣ በአንድ ጣት ማውሱን ይጫናሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ፎርማት እያደረጉ ነው፤ ውስጧ ያለውን ሁሉ እየደመሰሱ።

“አያ ሲሳይ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“አራግፋታለሁ” አሉኝ። “በየቀኑ የሆነ ነገር አጭቀሽባት ነው የምታመጫት። ባዶዋን ፈርመሽ ወሰድሽ፣ ባዶዋን ነው የማስገባት።”

አያ ሲሳይ ዕድሜያቸውን የፈጁት በእርዳታ እህል መጋዘን ነው። እዚያ ጆንያ ሳይራገፍ አይገባም፤ ጥግ ላይ አንድ እፍኝ ከቀረ ሌብነት ነው። በስተርጅና ሁለት ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ሰጧቸውና ከዚያ ሁሉ ፎርማትን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

 እሳቸው በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ የሆነ ነገር አጉረመረሙና በአማርኛ ጨረሱት፦ “ተምራ መጣች አሉኝ። ዕቃ አራግፎ መመለስ አላስተማሩሽም?”

መጮህ አማረኝ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ እኔስ ምን አደረግኩ? ፍላሿን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ውስጧን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ማስነሻውን የሚጭነው ፕሮግራም ራሱ መጀመሪያ ውስጧን ስለሚያጠፋ ባዶ ትሁን ሙሉ አልተመለከትኩም። የኔ ሥራ ይሳሳታል ብዬ ስላልጠረጠርኩ ዓለሙን ሁሉ ጠረጠርኩ።

ሰዓት የለም። ከሳቸው ጋር መከራከር ትቼ በመጋዘን ቋንቋ አወራኋቸው። ከነጭነቷ ብትገባስ አልኳቸው። አሰቡና፣ “ከተጻፈ ምን ችግር አለው” አሉ። ፍላሿን ተቀብዬ እየሮጥኩ ሄጄ እንደገና ጫንኩ፤ የኮምፒውተር ቤቱ ሰውዬ ምንም ሳይጠይቀኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ንብረት ክፍሉ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። አያ ሲሳይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ “አንድ ፍላሽ፣ ከነጭነቷ” ብለው ጻፉ። ፈረምኩ። አልነኳትም።

አርብ ጠዋት ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዝርዝሩ ታተመ፤ መምህሩ ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ አነበበና ራሱ ሮጦ መኪናው ላይ አደረሰው።

በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላይ ንብረት በጥንቃቄ ለያዘ ሠራተኛ የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። ለማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እኔ ግን አይደለሁም። ያኔ በጣም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ግን ከሁላችን ሥራቸውን በትክክል የሠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው።

ዛሬ ኮምፒውተር አልነሳ ሲለኝ ማሽኑን ከመስደቤ በፊት ፍላሿን ከፍቼ አያለሁ። ከዚያ የት እንዳደረች እጠይቃለሁ።